የኮልካታው ጎል እና የእንግሊዝ በር

ቅዳሜ አሥራ አንድ ሰዓት ሲቃረብ በአጋርፋም፣ በሮቤም፣ በጎባም ወጣቱ ወደ ዲኤስቲቪ ቤት ይሰበሰባል። ከአርሴናል፣ ከማንቸስተርና ከሊቨርፑል ማሊያ ጋር ክርክሩም ይገባል። ማን ወደ የት እንደተዛወረ፣ በስንት ሚሊዮን ፓውንድ እንደተሸጠ ሁሉም ያውቃል። ጨዋታው አልቆ ሰው ሲበተን ግን አንድ ጥያቄ ይቀራል፦ የእኛ ልጅ ለምን እዚያ የለም?

የተለመደው መልስ አጭር ነው። «የእኛ ልጆች ውጭ ሄደው አይበረክቱም» ይባልና ወሬው ይዘጋል። የአንድ ኢትዮጵያዊ አጥቂ ታሪክ ግን ይህን መልስ አይደግፍም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኦክቶበር 12 ቀን 2014። ቦታው የሕንዷ ኮልካታ፣ ሶልት ሌክ ስታዲየም። የሕንድ ሱፐር ሊግ የተባለው አዲስ ውድድር የመጀመሪያ ጨዋታ ነው፤ አትሌቲኮ ዴ ኮልካታ ከሙምባይ ሲቲ። በ27ኛው ደቂቃ የኮልካታው አጥቂ ኳሷን ከመረብ አገናኘ። በዚያ ሊግ ታሪክ የመጀመሪያው ጎል ነበር። ያስቆጠረው የአዲስ አበባው ልጅ ፍቅሩ ተፈራ ነው። ጨዋታው 3 ለ 0 አለቀ።

በሙምባይ ቡድን ስም ዝርዝር ውስጥ፣ በቅጣት ምክንያት ያን ቀን ባይሰለፍም፣ ኒኮላ አኔልካ ነበረ። አኔልካ በእንግሊዝ ብቻ ለስድስት ክለቦች ተጫውቷል፦ ለአርሴናል፣ ሊቨርፑል፣ ማንቸስተር ሲቲ፣ ቦልተን፣ ቼልሲና ዌስት ብሮም። በ2008/09 የፕሪሚየር ሊጉ ኮከብ ጎል አግቢ ሆኗል። ከአንዱ ሲጣላ ሌላው ይወስደዋል፤ ከአንዱ ሲሸጥ ሌላው ይጠብቀዋል።

ፍቅሩም ተጓዥ ነው። መንገዱ ግን ሌላ ነበር። ከቅዱስ ጊዮርጊስ ተነስቶ ወደ ደቡብ አፍሪካ አቀና፤ ለኦርላንዶ ፓይሬትስና ለሱፐርስፖርት ዩናይትድ ተሰለፈ። በቼክ ሪፐብሊክ ለምላዳ ቦሌስላቭ፣ በቬትናም ለታን ሆዋ ተጫወተ። እንደገና ደቡብ አፍሪካ ተመልሶ በፍሪ ስቴት ስታርስና በቢድቬስት ዊትስ ቆየ። ከዚያ ሕንድ። በ2014 አትሌቲኮ ዴ ኮልካታ፣ በ2015 ደግሞ ፍቅሩ የተዛወረበት ቼናይን ሻምፒዮን ሆኑ። ሦስት አህጉር፣ በየአገሩ አዲስ ቋንቋ፣ አዲስ ምግብ፣ አዲስ አሠልጣኝ። ይህ «የማይበረክት» ሰው ታሪክ ነው ማለት ያስቸግራል።

ታዲያ በዚህ ሁሉ ዞር ዞር ውስጥ እንግሊዝ ለምን የለችም?

ችሎታ አንዱ ጉዳይ ነው፤ ማንም ፍቅሩን ከአኔልካ እኩል አያደርገውም። ሁለተኛው ጉዳይ ግን ወረቀት ነው። አኔልካ ፈረንሳዊ ስለሆነ በዚያ ዘመን እንግሊዝ ለመጫወት የሥራ ፈቃድ አያስፈልገውም ነበር። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ለሚመጣ ተጫዋች ግን ሕጉ ሌላ ነበር። እስከ 2015 ድረስ በነበረው መመሪያ የተጫዋቹ አገር በፊፋ ደረጃ በአማካይ እስከ 70ኛ መሆን አለባት፤ እርሱም ባለፉት ሁለት ዓመታት ከብሔራዊ ቡድኑ የነጥብ ጨዋታዎች 75 በመቶውን መጫወት ነበረበት። በ2015 ገደቡ ወደ 50ኛ ጠበበ።

የኢትዮጵያ የምንጊዜም ምርጥ የፊፋ ደረጃ ስንት ነው? 86ኛ፣ በ2006። ማለትም ዋልያዎቹ አንድም ቀን 70ኛ ደርሰው አያውቁም። ይግባኝ ሰሚ ኮሚቴ ቢኖርም፣ አንድ ኢትዮጵያዊ አጥቂ በዓመት ሠላሳ ጎል ቢያገባ እንኳ መደበኛው በር ለእርሱ ዝግ ነበር። የበሩ ቁልፍ በእግሩ ሳይሆን በአገሩ ደረጃ ላይ ነበር።

የጌዲዮን ዘላለም ነገር ይህን ያሳያል። ከኢትዮጵያውያን ቤተሰብ በርሊን የተወለደው አማካይ በ2013 አርሴናል ገባ፤ በ2014 በኤፍኤ ካፕ ለዋናው ቡድን ተሰለፈ። ጌዲዮን የጀርመን ፓስፖርት ነበረው።

ሌሎቹ አጥቂዎች በተከፈተላቸው በር ገቡ። ሳላዲን ሰዒድ ወደ ካይሮ ሄዶ ለዋዲ ዴግላና ለአል አህሊ፣ ወደ አልጀርስ ሄዶ ለኤም ሲ አልጀር ተጫወተ፤ በመካከሉ ቤልጂየም ለሊርስ ተሰልፏል። ጌታነህ ከበደ በ2013 ቢድቬስት ዊትስን ተቀላቀለ። አቡበከር ናስር በ2020/21 ለኢትዮጵያ ቡና 29 ጎል አስቆጥሮ የዮርዳኖስ ዓባይን የ24 ጎል ክብረ ወሰን ከሰበረ በኋላ ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ወሰደው፤ እዚያ ጉዳት ተከታተለበት። የኢትዮጵያ አጥቂ ጉዞ ካይሮና ጆሃንስበርግ ላይ የሚቆመው በአጋጣሚ አይደለም።

ይህ ሁሉ ግን ጥፋቱን እንግሊዝ ላይ ለመጣል አይደለም። የአገር ደረጃ አገር ራሷ የምትሠራው ነገር ነው። ኢትዮጵያ በ1957 የአፍሪካ ዋንጫን ከጀመሩት አንዷ ናት፤ በ1962 ዋንጫውን አንስታለች። በ2013 የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ግን ቦትስዋናን 2 ለ 1 አሸንፋ፣ በሁለት ቢጫ ካርድ መቀጣት የነበረበት ምንያህል ተሾመ በመሰለፉ ውጤቱ ተሰርዞ 3 ለ 0 ተሸናፊ ተባለች። ሜዳ ላይ የተገኘው ነጥብ ካርድ ቆጥሮ በሚይዝ ሰው እጦት ቢሮ ውስጥ ጠፋ። እንዲህ ያለ ስህተት የሚያስከፍለው የአንድ ቀን ውጤት ብቻ አይደለም፤ የተጫዋቾቹን የነገ መንገድም ያጠባል።

ከ2021 ወዲህ እንግሊዝ ሕጉን ወደ ነጥብ ሥርዓት ቀይራለች። አሁን ተጫዋቹ የሚጫወትበት ሊግ ደረጃና በአህጉራዊ ውድድር ያለው ተሳትፎም ይቆጠራል። ስለዚህ ቤልጂየምን በመሰለ ሊግ በቋሚነት መሰለፍ መሸጋገሪያ ድልድይ ሊሆን ይችላል። ድልድዩን ለመድረስ ግን ልጁ በጊዜ መታየት አለበት።

ከአገር ቤት ሊግ ተነስቶ በፕሪሚየር ሊግ የተሰለፈ ኢትዮጵያዊ እስካሁን የለም። አጋርፋ ሜዳ ላይ በባዶ እግሩ የሚሮጠው ልጅ የመጀመሪያው እንዲሆን ከተፈለገ የእርሱ ጎል ብቻውን አይበቃም። የወረዳው የታዳጊ ውድድር በየዓመቱ ሳይቋረጥ መካሄድ፣ ሮቤ ላይ የሚያየው መልማይ መኖር፣ አዲስ አበባ ያለው ጽሕፈት ቤትም ቢጫ ካርድ በትክክል መቁጠር አለበት። ፍቅሩ የራሱን ድርሻ ኮልካታ ድረስ ሄዶ ተወጥቷል።