ዜና አስቴር ጋኖ

በፈጣሪ ስም ጀምረን የአስቴር ጋኖን ዜና ከጅሬን ሆነን እንጽፋለን። ዘመኑን በፈረንጆች አቆጣጠር እናኖራለን፤ ሥራዋን የመዘገቡት ሰዎች በዚያ ቈጥረዋልና።

በአስቴር ዘመን በጅማ አገር፣ በጅሬን ኮረብታ ላይ የነገሠው ዳግማዊ አባ ጅፋር ነበረ። ይህ ንጉሥ እጅግ ብልህ ነበረ፤ ለምኒልክ ገብሮ አገሩን ከጦር አተረፈ፤ የጎረቤት ነገሥታት ቤት ሲፈርስ የእርሱ ቤት ጸና። ከኮረብታው ግርጌ በሂርማታ ገበያ ከየአገሩ ነጋዴ ይሰበሰብ ነበር፤ ቡናው፣ ዝባዱ፣ የዝሆን ጥርሱ፣ አሞሌው ሞልቶ ነበር። ከዚህ ሁሉ ጋር የተሸጠውን ሌላውን ግን ፈጣሪ ያውቀዋልና አንዘረዝረውም።

ከጅማ በስተሰሜን ሊሙ እናርያ አለች፤ ዛሬ ቡናዋ በስሟ በዓለም ገበያ የሚጠራ። ነጻ ሆና የተወለደችውን አስቴርን ባሪያ ያደረጋት የዚያች አገር ንጉሥ ነው። የንጉሡን ስም ማንሣት አያስፈልግም። ከብዙ መከራ በኋላ ባሕር አሻግረው ወደ ዐረብ አገር ሊሸጧት ሲወስዷት፣ በ1886 የኢጣልያ መርከብ ጀልባዋን ያዘ፤ አስቴርም ነጻ ወጣች። ለዚህ ቀን ምስጋና ይገባል።

ከዚያም በምፅዋ አጠገብ በእምኩሉ፣ የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገባች። በዚያም ኦነሲሞስ ነሲብን አገኘች። እርሱም በኢሉባቦር ተወልዶ ገና በሕፃንነቱ የተሸጠ፣ በ1870 በምፅዋ ነጻ የወጣ ሰው ነው። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ለመመለስ ቀንና ሌሊት ይደክም ነበር። ዳሩ ግን ልጅነቱን በባዕድ አገር የጨረሰ ሰው የቤቱን ቋንቋ ሁሉ ከወዴት ያመጣዋል? አስቴር ቋንቋውን ሳይሸረፍ ይዛ መጥታ ነበርና ኦነሲሞስ ተሰጥኦዋን ፈጥኖ ዐወቀ፤ የኦሮምኛ መዝገበ ቃላት እንድታሰናዳም ተሾመች። ሹመት ማለታችን በእውነት ነው፤ በዚያ ዘመን ለደጃዝማች ከተሰጠ ግዛት ይህ ይበልጣል። በዚያ መዝገብ ተቃንቶ አዲስ ኪዳን በ1893 ታተመ።

እርሷም በዚህ አላበቃችም። ዘፈኑን፣ ተረቱን፣ ምሳሌውን፣ እንቆቅልሹን በግዕዝ ፊደል ጻፈች፤ ቍጥሩም 500 ያህል ሆነ። እንቆቅልሽ በአገራችን እንዴት እንደሆነ አንባቢ ያውቃል፦ ማታ እሳት ዳር አንዱ ይጠይቃል፣ ሌላው ይመልሳል፤ ያልቻለ አገር ይሰጣል፣ ጠያቂውም በተሰጠው አገር ይነግሥበታል። አገሯን የተነጠቀች ልጅ ይህን ጨዋታ በቀይ ባሕር ዳር፣ በዚያ ሐሩር፣ አንድ በአንድ እያስታወሰች ስትጽፍ እጇ እንዴት አልዛለም! በ1894 ከሰበሰበችው ብዙው ለጀማሪ አንባቢዎች በተዘጋጀው መጽሐፍ ገብቶ በእምኩሉ ማተሚያ ታተመ። የኦሮሞ ሕፃን በአፍ መፍቻው የሚያነበው፣ የአያቱ ተረት ያለበት መጽሐፍ ተገኘ። ሰዎች ይህን መጽሐፍ አብዝተው በኦነሲሞስ ስም ይጠሩታል፤ እኛ ግን ሁለቱን አንለይም።

በእነዚያው ዓመታት እንደ አስቴር ለአገሩ ቋንቋ የደከመ፣ በፍላንደርስ አገር ጊዶ ኼዜለ የተባለ ቄስና ባለቅኔ ነበረ። የአገሩ ሊቃውንት በፈረንሳይኛ ሲኮሩ እርሱ የገበሬውን ቃል እየለቀመ ከ1881 እስከ 1895 «ሎኬላ» በተባለ መጽሔት ያወጣ ነበር፤ በዚያው ቃል ቅኔውን ተቀኘ። በ1899 ሞተ። በዚሁ ዓመት መላው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ በባዝል አጠገብ በቅዱስ ክሪሾና ታትሞ ወጣ። ለኼዜለ በአገሩ ሐውልት ቆሞለታል፤ ለአስቴርም ይገባታል።

ወደ ነገራችን እንመለስ። አስቴር የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮችንም ተረጐመች፤ ከኦነሲሞስ ጋር የመዝሙር መጽሐፍ አዘጋጀች። በ1904 ከባልንጀሮቿ ጋር ከኤርትራ ወደ ወለጋ ተመለሰች፤ በነቀምትም አስተማረች። ሊዲያ ዲምቦና ፌበን የተባሉ ሴቶችም አብረዋት አስተማሩ። ከካህናት በኩል ተቃውሞ ተነሥቶባቸው ነበር። ኦነሲሞስ በ1931 ዐረፈ። አባ ጅፋርም በተከታዩ ዓመት ሞተ፤ የጅማም ራስ ገዝነት ከእርሱ ጋር አከተመ። አስቴር ሁሉንም አልፋ እስከ 1964 ኖረች። ከሰበሰበችው ቃል ብዙው እስከ ዛሬ በእጅ ጽሑፍ ተቀምጧል፤ አልታተመም።