የላላ ሞላ፣ የጠና ሻንሲ

በ1930ዎቹ መጀመሪያ (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) አብዛኞቹ የውድድር መኪና መሐንዲሶች በአንድ እምነት የጸኑ ነበሩ። ይኸውም መኪና መንገዱን አጥብቆ እንዲይዝ ሞላው ጠንካራ፣ የመንኰራኵሩም መውጣትና መውረድ አጭር መሆን አለበት የሚል ነው። በ1934 የክብደት ጣሪያው 750 ኪሎ ግራም በሆነው ደንብ መሠረት የቀረበው የመርሴዲስ ቤንዝ ደብልዩ 25 የተሠራው በዚሁ አስተሳሰብ ነበር። መኪናው በ1935 ሩዶልፍ ካራቺዮላን ለአውሮፓ ሻምፒዮንነት አበቃ። በተከታዩ ዓመት ግን የሞተሩን ጉልበት አካሉ አልችል አለ፤ ድሉም በበርንት ሮዘማየር አማካይነት ወደ አውቶ ዩኒየን ተሻገረ።

ኩባንያው በዚያው ዓመት የውድድር ክፍሉን አደራጅቶ የቴክኒክ ኃላፊነቱን ለሩዶልፍ ኡለንሃውት ሰጠ። ኡለንሃውት 30 ዓመት የሞላው መሐንዲስ ሲሆን፣ ከዚያ በፊት የውድድር መኪና ነድቶ አያውቅም ነበር። ይሁን እንጂ የአሽከርካሪዎችን ሮሮ በጽሕፈት ቤት ተቀምጦ ከመስማት ይልቅ መኪናዎቹን ወደ ኑርቡርግሪንግ አስወስዶ መሪውን በራሱ እጅ ያዘ። ከ22 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው፣ ዳገትና ቁልቁለት የበዛበት ጠመዝማዛ መንገድ ጉድለቱን አልሸሸገለትም።

ያገኘው ውጤት የተለመደውን እምነት የሚገለብጥ ነበር። ሞላዎቹ ከመጠንከራቸው የተነሣ የመንገዱን ምት ሳይቀበሉ ወደ ሻንሲው ያሳልፉታል፤ ሻንሲው ይጣመማል፤ መንኰራኵሮቹም አቅጣጫቸውን ይስታሉ። በአጭሩ፣ ሻንሲው የሞላን ሥራ ይሠራ ነበር።

ስለዚህ ለ1937 የተዘጋጀው ደብልዩ 125 ሥርዓቱን ለወጠ። ሻንሲው ኒኬል፣ ክሮምና ሞሊብዲነም ከተቀላቀለበት ብረት በተሠሩ ሞላላ ቱቦዎች ተገጣጥሞ መጣመምን የሚቋቋም ሆነ። ከፊት ጥምዝ ሞላ፣ ከኋላ እየተጠማዘዘ የሚሠራ የብረት ዘንግ ተገጠመለት፤ ሁለቱም ለስላሳ፣ እንቅስቃሴያቸውም ረጅም ነበር። ለስላሳ ሞላ ብቻውን ቢተው መኪናውን እንደ ጀልባ ባወዛወዘው ነበር፤ የሞላውን ጉልበት በዘይት አማካይነት ወደ ሙቀት እየለወጠ ውዝዋዜውን የሚያበርደው የሃይድሮሊክ አሞርዛተር ነው። ሞላው ይሸከማል፤ አሞርዛተሩ ያረጋጋል። የአንዱን ጉድለት በሌላው ለመሸፈን መሞከር ሁለቱንም ከሥራቸው ማውጣት ነው።

5.66 ሊትር ይዘት ያለው ሞተር ወደ 600 የሚጠጋ የፈረስ ጉልበት ሲሰጥ አዲሱ መኪና ቻለው። በሐምሌ 1937 በዚያው በኑርቡርግሪንግ በተደረገው የጀርመን ግራን ፕሪ ካራቺዮላ አንደኛ ወጣ፤ የዓመቱንም የአውሮፓ ሻምፒዮንነት መልሶ ያዘ።

የናዚ መንግሥት እነዚህን ድሎች ለፕሮፓጋንዳው ማዋሉ አይካድም። ለሙያው የተረፈው ቁም ነገር ግን ሌላ ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ በአየር ግፊት ወደ መሬት የሚሳቡ መኪናዎች ሲመጡ፣ ከመሬት ያላቸው ከፍታ እንዳይለዋወጥ ሲባል ሞላው እንደገና ጠነከረ። እንግዲህ የልስላሴው መጠን እንደ ዘመኑና እንደ መንገዱ ይለያያል፤ ጥንካሬ በየትኛው አካል ላይ መዋል እንዳለበት ለይቶ ማወቅ ግን የመሐንዲሱ የዘወትር ተግባር ነው።