ጠጉርና ጎፈር በቀራፂ እጅ፦ ከዋሻ እስከ ኮምፒውተር

የእንስሳ ቅርጽ ለሚሠራ ሰው ከጠጉር የከፋ ፈተና የለም። ጠጉር ቀጭን ነው፣ ይወዛወዛል፣ ብርሃን ያሳልፋል፤ ጭቃና ድንጋይ ከእነዚህ አንዱንም አይችሉም። ስለዚህ የዚህ ጥበብ ታሪክ ጠጉርን በሌላ ነገር የመተካት ታሪክ ነው፦ መጀመሪያ በጭረት፣ ቀጥሎ በጌጥ፣ ኋላም በጥላ።

መነሻው ሩቅ ነው። በደቡብ ፈረንሳይ በቱክ ዶዱቤር ዋሻ፣ 14,000 ዓመት ግድም ያስቆጠሩ ሁለት የጭቃ ባይሰኖች እ.ኤ.አ. በ1912 ተገኙ። የሠሪው የጣት ዱካ እስከ ዛሬ አልጠፋም፤ ጢማቸውና ጋማቸው በጭረት ተለይቷል። በታላላቆቹ መንግሥታት ዘመን ጭረቱ ሥርዓት ያዘ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ7ኛው መቶ ዓመት በነነዌ በተቀረጸው የአሦሩ ንጉሥ የአሹርባኒፓል አደን ላይ የአንበሶቹ ጡንቻ ሕያው ነው፤ ጎፈራቸው ግን እንደ ሸማ ጥለት በረድፍ የተደረደረ ነው።

ትልቁ ለውጥ የመጣው በ19ኛው መቶ ዓመት ፓሪስ ውስጥ ነው። ቀራፂው አንቷን ሉዊ ባሪ ወደ ዣርዳን ዴ ፕላንት መካነ እንስሳት እየተመላለሰ አራዊትን ከነአጥንታቸው አጠና፤ እ.ኤ.አ. በ1833 «አንበሳና እባብ»ን ለሕዝብ አሳየ። ከእሱ ወዲህ ጎፈር በጌጥነቱ አልቀጠለም፤ ከሥሩ ካለው አካል ጋር የሚንቀሳቀስ ክብደት ሆነ። ለገሀር ያለውን የይሁዳ አንበሳ የሠራው ዦርዥ ጋርዴም የዚሁ መስመር ልጅ ነው። ሐውልቱ እ.ኤ.አ. በ1930 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የንግሥ በዓል ዋዜማ መቆሙን፣ ወደ ሮም መዘረፉንና መመለሱን ሁላችንም እናውቃለን፤ ቀና ብለን ጎፈሩን ያየን ግን ስንቶቻችን ነን? ሩብ ምዕት ዓመት ቆይቶ ሞሪስ ካልካ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ባቆመው የድንጋይ አንበሳ ላይ ጠጉር መምሰሉን ጨርሶ ተወው። ለእኔ ይህ ድፍረት ነው።

ሲኒማ ደግሞ እውነተኛ ጠጉር ሞከረ። እ.ኤ.አ. በ1933 «ኪንግ ኮንግ» ላይ ትንንሾቹ አሻንጉሊቶች የጥንቸል ቆዳ ለበሱ፤ ፊልሙ የተሠራው አሻንጉሊቶቹን ጥቂት በጥቂት እያንቀሳቀሱ ፎቶ በማንሳት ነበርና፣ በየፎቶው መካከል የአንቀሳቃሾቹ ጣት ጠጉሩን ስለሚያተራምሰው ፊልሙ ላይ ሲርመሰመስ ይታያል። አሻንጉሊት ሲያንስ ጠጉር አብሮ አይቀጥንም።

የዛሬ ቀራፂያን የሚሠሩበት ዘዴ ከዚህ ሁሉ የተጠራቀመ ነው። አካሉ መጀመሪያ ያለ ጠጉር ያልቃል። ከዚያ ጠጉሩ የሚተኛበት አቅጣጫ በመርፌ ይሰመርና ትልልቅ ዘለላዎች ከጅራት ተጀምሮ ወደ ራስ እየተደረቡ ይለጠፋሉ፤ የፊተኛው የኋለኛውን ሥር መሸፈን አለበትና። ክርኑ በሚታጠፍበት ቦታ ዘለላው ይከፈላል። ቀጫጭኑ ጭረት መጨረሻ ላይ ይመጣል፣ እሱም አንዱ ጠልቆ ሌላው ሳስቶ፤ ሁሉም እኩል ከተጫረ ጠጉርነቱ ይጠፋል።

ኮምፒውተር ድካሙን ያስቀረ መስሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 «ሞንስተርስ ኢንክ» ፊልም ላይ ሰሊ የተባለው ፍጡር ከ2.3 ሚሊዮን በላይ ጠጉር ነበረው። ነገር ግን ፍጡሩ ከስክሪን ወጥቶ በመዳፍ የሚያዝ ምስል ይሁን ሲባል፣ እንዲህ የቀጠነ ጠጉር በ3ዲ ማተሚያ ሲታተም ይሰበራል፤ ስለዚህ በስክሪን ላይ የሚቀርጹትም ዞረው ዘለላ ይሠራሉ።