ስድስት ቀዳዳ

እስቲ ጠጋ በሉ፤ ቡናው እስኪፈላ አንድ ነገር ላጫውታችሁ። በ2008 ዓ.ም ነው፣ ግንቦት ሊገባ ሲል። ያኔ አንዲት ሚትሱቢሺ ኤል 200 ፒክአፕ ነበረችኝ። ሥራዋ ከረቡዕ ገበያ የጮቄን ድንች ጭና ደብረ ማርቆስ ማውረድ ነው። ያን መንገድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ድንጋዩ የብረት ቸርኬዎቿን ከንፈር አጣሞት፣ ጎማዎቹ በየሳምንቱ ይተነፍሱብኝ ነበር።

አዲስ አበባ ስገባ ቸርኬ ፍለጋ ዞርሁ። ስሙን የማልጠራው አንድ ሱቅ ውስጥ አራት የአልሙኒየም ቸርኬ ከነጎማው ተደርድሯል። ያብረቀርቃል፤ መልክ ያሳያል።

«ለመኪናዬ ይሆናል?» አልሁት ልጁን።

«ጋሼ፣ መኪናህ ስድስት ቀዳዳ አይደለም እንዴ?»

«ነው።»

«ይሄም ስድስት ቀዳዳ ነው። አለቀ!»

አለቀ አለኝ፤ እኔም አለቀ አልሁ። ጎማው አዲስ ነው ወይ ብዬ ስጎነበስ ጎኑ ላይ 2207 የሚል ቁጥር አየሁ። «የ07 ነው፣ ያምና!» ብዬ በልቤ ደስ አለኝ። እዚህ ላይ ብትስቁብኝ አልቀየምም፣ ቆይታችሁ ሳቁ እንጂ።

እዚያው አስገጠምሁና ጉዞ ወደ ጎጃም። ጫንጮን አለፍ እንዳልሁ መሪው እጄ ላይ ይንቀጠቀጥ ጀመር። አስፋልቱ ነው አልሁ። ፍቼ ላይ ብሶበታል፤ ነፋሱ ነው አልሁ። ሰው ገንዘቡን ከከፈለ በኋላ የማያመካኝበት ነገር የለም። ጎሃ ጽዮን ስደርስ ጥፋቴን የምሸፍንበት ምክንያት አለቀብኝ፤ ግን የዓባይ ቁልቁለት ተጀመረ። ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ወደ ታች ነው፣ ጠመዝማዛ። ቀዝቃዛው ደጋ ከኋላህ ይቀርና በረሃው ይቀበልሃል። መሪው እንደ ወባ በሽተኛ ይርገፈገፋል። ከግራ የፊት ጎማ ቋ… ቋ… ቋ የሚል ድምፅ መጣ።

በ2000 ዓ.ም መገባደጃ በጃፓን ድጋፍ ተሠርቶ የተመረቀውን የህዳሴ ድልድይ ታውቁታላችሁ፤ 303 ሜትር ነው። ያን ቀን ግን ሦስት ኪሎ ሜትር ሆነብኝ። ተሻግሬ ጥግ ይዤ ወረድሁ። ከስድስቱ ዳዶ ሁለቱ የሉም። ሦስተኛው በጣቴ ይዞራል።

ከኋላ ጎማዎቹ አንዳንድ ዳዶ ተበድሬ፣ አጥብቄ፣ በአንደኛ ማርሽ እየተጎተትሁ ደጀን ወጣሁ። አንድ ሽማግሌ ጎሚስታ ዘንድ አቆምሁ። ቁጭ ብለው በረጅሙ ተመለከቱኝ።

«ቸርኬው የማን ነው?»

«የእኔ ነዋ አባባ።»

«ያንተማ ነው። የየትኛው መኪና ነው ያልሁህ?»

አላውቅም። ክሪክ አስገብተው ጎማውን ሲያወርዱት የሞዞውን አናት (ቸርኬው የሚሰካበትን የመሀል ብረት ማለቴ ነው) አሳዩኝ፣ ቀጥሎ የቸርኬውን መሀለኛ ቀዳዳ። ሜትር ዘረጉ። የእኔ ሞዞ 67 ሚሊ ሜትር፣ የቸርኬው ቀዳዳ 106! ቸርኬው የቶዮታ ሀይሉክስ ኖሯል። ስድስቱ ቡሎን የተደረደረበት ክብ የሁለቱም 139.7 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ይገባል፤ ልጁ አልዋሸም። መሀሉ ላይ ግን ሞዞው በባዶ ቤት ውስጥ እንደ ተንጠለጠለ ነው። ሽማግሌው አውራ ጣታቸውን በክፍተቱ አስገብተው ዙሪያውን አዞሩት።

«ሞዞው ቸርኬውን መሀል ካልያዘው ማን ይይዘዋል? እነዚህ ናቸው?» ብለው ዳዶዎቹን መዳፌ ላይ አፈሰሱልኝ። የእኔዋ ዳዶ አፏ ሾጣጣ ነው፣ ሾጣጣ ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጣ ራሷን ታስተካክላለች። የዚያ የቶዮታ ቸርኬ መቀመጫ ግን ለጥ ያለ ነው፤ የሚፈልገው ከነሮንዴላው ጠፍጣፋ የሆነ ዳዶ ነው። የሁለቱም ጥርስ አንድ ስለሆነ ዳዶው ይገባል፣ ይጠብቃል፣ ቁልፉም «ጥብቅ ነኝ» ይላል። የነካው ግን የቀዳዳውን ጠርዝ ብቻ ነው። መንቀጥቀጡ ጠርዙን ሲበላው ዳዶው ይላላል።

(መቼም ልብ ብላችኋል፤ ቸርኬ፣ ጎሚስታ፣ ዳዶ፣ ቡሎን፣ ክሪክ፣ ስኮርታ… ጣሊያን በ1933 ሲወጣ ቋንቋውን ጎሚስታ ቤት ረስቶት ሄዷል።)

ሽማግሌው አላበቁም። እንደ ዳዊት ደጋሚ ጣታቸውን በጎማው ጎን እየሳቡ አነበቡ። «ይኼ 100 የሚለውን ታየዋለህ? አንዱ ጎማ የሚችለው 800 ኪሎ ነው ማለት ነው። የቤት መኪና ጎማ ነው። የድሮው ጎማህስ?» ስኮርታዬን አወረድሁ፤ 110 ይላል፣ 1,060 ኪሎ። አሥር ኩንታል ድንች ከኋላ ስጭን ከመኪናዋ ክብደት ጋር በኋለኞቹ ሁለት ጎማዎች ላይ ስንት እንደሚያርፍ አብረን ደመርን፤ ለእያንዳንዱ ከ800 አለፈ።

«ደግሞ አርጅቷል» አሉ።

«ኧረ የ07 ነው!» አልሁ በኩራት።

አሁን ሳቁ። ሽማግሌው ዕንባቸው እስኪወርድ ስቀዋል። 2207 ማለት በፈረንጅ 2007 ዓ.ም፣ በ22ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። ዘጠኝ ዓመት ሊሞላው ነበር፤ እኔ በአበሻ ቆጠራ አንብቤው ያምና ጎማ አደረግሁት።

ከዚያ ወዲህ የስንቱን ፒክአፕ ሞዞ እንደለካሁ አትጠይቁኝ። የኢሱዙ ዲማክስ 100 ሚሊ ሜትር ነው፣ የፎርድ ሬንጀር 93.1፤ ሁለቱም ስድስት ቀዳዳ፣ ሁለቱም 139.7። የኒሳን ናቫራማ ስድስት ቀዳዳ ሆኖ ክቡ 114.3 ነው፣ ጭራሽ አይገባም። ቸርኬው ወደ ውጭ የሚወጣበት ልክም አለ፤ ከውስጥ በኩል «ኢቲ» ተብሎ ይቀረጻል። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ጎማው ከፓራፋንጎው ወጣ ይላል። ወጣቶች ይወዱታል፤ የሞዞው ኩሽኔታ ግን አይወደውም፣ ሸክሙ ይርቀዋልና። እንደ ጮቄ ባለ ጭቃ ፎር ዊል የሚያስገባ መኪና ደግሞ አራቱም ጎማ ቁመቱ እኩል ካልሆነ ማርሽ ሳጥኑ ዋጋውን ይከፍላል።

ሽማግሌው የድሮ ቸርኬዎቼን ከንፈር በመዶሻ አቃኑልኝ፤ ከካቢኑ ኋላ ጭኛቸው ነበርና። ሞዞውን ከዝገት ጠረጉ፣ ዳዶውን መጀመሪያ በጣት አስገቡ፣ ከዚያም ተቃራኒ ተቃራኒውን እየመረጡ አጠበቁ። እኔ እንደ ልማዴ ቁልፉ ላይ ቆሜ ልዘል ስል በክርናቸው ገፉኝ። «ቡሎኑን ትበጥሰዋለህ! ይልቅ ማርቆስ ስትደርስ አንዴ ፈትሸው።» ከደጀን ማርቆስ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ፈተሽሁት፤ አንዱ ዳዶ ሩብ ዙር ተቀበለ።

የሚያብረቀርቁትን ቸርኬዎች ያለ ጎማቸው፣ የተበላውን ቀዳዳ አሳይቼ፣ ሀይሉክስ ላለው ለአንድ የማርቆስ ሰው በግማሽ ዋጋ ሸጥሁለት። ያን የተበላ አንዱን ጥሎ ሌላ ገዛበት፤ ጠፍጣፋ ዳዶም አብሮ። ሲገጥማቸው ቆሜ አይቻለሁ፤ ቸርኬው ሞዞው ላይ ጠቅ ብሎ ተቀመጠ፣ ጣት ቀርቶ ወረቀት አያስገባም።