አክተር አይሞትም ያለው ማነው?

እንግዲህ ጆሯችሁን አውሱኝ፤ ስለ ፊልም ላውራችሁ ነው። ኀያሲ አይደለሁም። ትኬቴን ቆርጬ፣ ፈንዲሻዬን ታቅፌ የምገባ ተመልካች ነኝ። በአንድ ነገር ግን ድርቅ ብዬ እከራከራለሁ፦ ፖስተሩ ላይ «አስፈሪ»፣ «አስቂኝ»፣ «የፍቅር» ተብሎ የሚጻፈውን አትመኑ። የፊልሙን ዓይነት የሚቆርጠው አዳራሹ ነው።

ማስረጃህ ካላችሁኝ «ዘ ኤክሶርሲስት»ን ላምጣ። ዊልያም ፍሪድኪን የሠራው፣ እ.ኤ.አ. በ1973 አሜሪካ ውስጥ ሲታይ ተመልካች ራሱን ሳተ የተባለለት ፊልም ነው። እኔ ያየሁት ሰፈራችን ቪዲዮ ቤት፣ አግዳሚ ላይ ተጣብበን ነው። ሐኪሞቹ ሰይጣን ያደረባትን ልጅ መርፌ ሲወጓት፣ በማሽን ሲመረምሯት፣ ከኋላ አንዱ ጎረምሳ «ኧረ ጸበል ውሰዷት!» ብሎ ጮኸ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እንጦጦ ማርያም ጸበል ቆሞ «ልቀቅ!» ሲባል «እለቃለሁ!» የሚል ጩኸት ሰምቶ ያደገ ሰው በምኑ ይደንግጥ? ኋላ ቄሱ መጥተው ጸበል መርጨት ሲጀምሩ ግን ሁሉም ጸጥ አለ። ፈርቶ እንዳይመስላችሁ፤ አረጫጨታቸውን እየገመገመ ነው። «መስቀሉን ግንባሯ ላይ አያሳርፉም እንዴ?» አለኝ ከጎኔ ያለው፣ ከልቡ ተቆጥቶ። ድሮስ ቢሆን የመጀመሪያ ሲኒማ ቤቷን «ሰይጣን ቤት» ብላ የጠራች ከተማ ልጆች አይደለን!

እኔን ያስፈራኝ የስፒልበርግ «ጆውስ» ነው። ባሕር በሌለበት አገር ተቀምጬ ዓሣ ነባሪ እንኳ ያልሆነ ዓሣ አስበረገገኝ። ለፊልሙ የተሠራው ሰው ሠራሽ ሻርክ እየተበላሸ ስላስቸገረ ነው አሉ ብዙውን ጊዜ የማናየው። እሰይ ተበላሸ! ያላዩት ነገር ነው ልብ የሚያርደው።

ወደ ሕንድ ፊልም ልውሰዳችሁ። አክስቴ ሂንዲ አንድ ቃል አታውቅም፤ «ማዘር ኢንዲያ»ን ግን ከኔ በላይ ታስረዳለች። እ.ኤ.አ. የ1957 የመህቡብ ካን ፊልም ነው። ናርጊስ የምትጫወታት እናት ባሏ እጆቹን አጥቶ ጥሏት ሲሄድ፣ በበሬ ፈንታ ራሷ ማረሻ ትጎትታለች። አራጣ አበዳሪው ብቅ ባለ ቁጥር አክስቴ ነጠላዋን እያጣፋች «አንተ ደም መጣጭ!» ትለዋለች። መጨረሻ ላይ እናትየው የገዛ ልጇን በጥይት ትመታዋለች፤ የአበዳሪውን ልጅ ጠልፎ በፈረስ ሲጋልብ።

«እትዬ፣ እንዴት እናት ልጇን ትገድላለች?» አልኳት።

«አንተ ልጅ፣ የሰው ልጅ ጠልፎ ሊሄድ ነበር እኮ! የሷስ እናት ሰው አይደለችም?»

ፖስተሩ ላይ ዘፈንና ጭፈራ አለ። አክስቴ ግን ችሎት ተቀምጣ ፈርዳ ነው የወጣችው።

አክሽን ላይ ብዙ አልቆይም። የሰርጂዮ ሌዮኔ «መልካሙ፣ ክፉውና አስቀያሚው» መጨረሻ ላይ ሦስት ሰዎች መቃብር መሐል ቆመው ዝም ብለው ይተያያሉ። ዓይን፣ እጅ፣ ሽጉጥ፣ ደግሞ ዓይን፤ ከበስተጀርባ የሞሪኮኔ ሙዚቃ። የዛሬው አክሽን ካሜራው ከመንቀጥቀጡ የተነሳ ማን ማንን እንደመታ የሚታወቀው አስከሬን ሲለቀም ነው።

ከኛዎቹስ? የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» እ.ኤ.አ. በ2015 ካን ፌስቲቫል ሲሄድ ረጋ ያለ፣ መልክዓ ምድሩ የሚያምር ድራማ ተብሎ ነው። እናቱ የሞተችበት ኤፍሬም ቹኒ የምትባል በግ ይዞ ዘመድ ቤት ይገባል፤ አጎቱ ለበዓል ትታረድ ይላል። ልጁ ወጥ መሥራት ይችላል፣ ሳምቡሳ ጠብሶ እየሸጠ ሳንቲም ያጠራቅማል። በዓል ሲደርስ ግቢው ውስጥ በግ ታስሮ ያደገ ሰው ይህን በእርጋታ ያየዋል? እኔ ቢላዋ በታየ ቁጥር ወንበሬን ጨብጬ ነው የጨረስኩት። ከስንት የስለላ ፊልም ይልቅ ልብ ያንጠለጥላል!

የኃይሌ ገሪማን «ጤዛ» ግን በየትኛውም መደብ ላስገባው አልቻልኩም። እ.ኤ.አ. በ2008 ቬኒስ ላይ ተሸልሟል፣ በማግስቱ ዓመት ዋጋዱጉ ላይ የፌስፓኮን ታላቅ ሽልማት ወስዷል። ጀርመን የተማረው ሐኪም አንበርብር አንድ እግሩን አጥቶ እናቱ መንደር ይመለሳል፤ በዚያም ወጣቶች ለጦርነት ይታፈሳሉ። ቪዲዮ ቤት ያሳደገን ልጆች «አክተር አይሞትም» የሚል ሕግ ነበረን፤ አክተሩ ስንት ጥይት ቢዘንብበት ይተርፋል። አንበርብርም ተርፏል። ግን ጓደኞቹ አልቀዋል፣ ሌሊት እየቃዠ ይነሣል። ከኋላዬ የተቀመጡ አንድ አዛውንት በቀስታ «እንዲህ ነበር፣ እንዲህ ነበር» ሲሉ ሰማኋቸው። ለኔ ድራማ፣ ለሳቸው የምስክር ቃል።

የኛን ሮማንቲክ ኮሜዲ ሳልነካ ብወጣ ደግሞ ፈራ ትሉኛላችሁ። «የወንዶች ጉዳይ» አስቆኛል፤ አልክድም። ከዚያ ወዲህ ግን ቪላው አንድ፣ ሶፋው አንድ፣ ደሃ መስሎ ሴት የሚፈትነው ሀብታም አንድ! ሙዚቃው ደግሞ ንግግሩን ይውጠዋል። ለምን ትሄዳለህ ትሉኝ ይሆናል። አክስቴ ትወዳቸዋለች፤ ስትስቅ ትከሻዬን በጥፊ ትመታኛለች፤ የፊታችን ቅዳሜም ትኬት አስቆርጣኛለች። ቪላውን ስናይ «ይቺን ቤት ባለፈው አይተናት የለ?» እንደምትለኝ አውቃለሁ፤ እሷን ስሰማ እኔም መሳቄ አይቀርም።