ጠፍር አልጋና አልጋ ወራሽ

በቡሬና በፍኖተ ሰላም መካከል ባለው ገጠር፣ በልጅነቴ ቤታችን የነበረው አልጋ አንድ ብቻ ነው፤ የአባቴ። እኛ ልጆች መደብ ላይ ቁርበት አንጥፈን እንተኛለን። እንግዳ ሲመጣ አባቴ አልጋውን ይለቅለታል።

የሠራው ራሱ ነው። ዋንዛ ጠርቦ አራት እግርና አራት አግዳሚ አወጣ። እግሮቹን በመሮ ፈልፍሎ አግዳሚዎቹን ያለ ሚስማር ሰካቸው፤ ዙሪያውንም በተርታ በሳው። ያረጀው የእርሻ በሬያችን ሲታረድ ቆዳውን በቀጭኑ ተልትሎ፣ በውኃ ዘፍዝፎ፣ እርጥቡን ጠፍር እያጠላለፈ ወጠረው። ጠፍር ሲደርቅ ስለሚኮማተር እንጨቱን አጥብቆ ይይዘዋል።

ቋንቋችን የንጉሥንም ዙፋን «አልጋ» ይለዋል። ከመሬት ከፍ ማለት ክብር ስለሆነ ይመስለኛል፤ «አልጋ ሲሉት አመድ» የሚባለውም ክብር ሲሰጡት ዝቅታን ለሚመርጥ ሰው ነው። በ1933 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር ቡሬን ለቅቆ ሲሸሽ፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጎጃም በኩል ወደ አልጋቸው ተመለሱ። ልጃቸው አስፋ ወሰን «አልጋ ወራሽ» ይባሉ ነበር። ሆኖም አልጋውን ሳይወርሱ ዘውዳዊው ሥርዓት በ1967 ዓ.ም. ቀረ።

እኔ ግን ወረስሁ። አባቴ ሲሞት ወንድሞቼ መሬቱንና ከብቱን ተካፈሉ፤ ከፍኖተ ሰላም የስፖንጅ ፍራሽ ገዝተው ስለነበር አልጋውን የፈለገው የለም። አዲስ አበባ አመጣሁት።

ዛሬ ጠፍሩ ላልቷል። ወጥሮ የሚያጠብቅልኝ ባለሙያ ፈልጌ አጣሁ። አባቴ ሲወጥር ጠፍሩን የማቀብለው እኔ ነበርሁ፤ ከየትኛው ቀዳዳ እንደ ጀመረ ግን አላስታውስም።