የቪአር መነጽርና የዓይን ድካም

የቨርቹዋል ሪያሊቲ (ቪአር) መነጽር ፊት ላይ ታስሮ ለሁለቱ ዓይኖች ምስል የሚያሳይ መሣሪያ ነው። የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት በኬፕ ታውን ዩኒቨርሲቲ የዛማኒ ፕሮጀክት በሌዘር ተቀርጸዋል። እንዲህ ያለ ቅጂ ደረጃውን መውረድ ያቃታቸው አረጋውያን ቦታውን በመነጽር እንዲያዩት ያስችላል። ታዲያ እናትዎ አይተው ሲያወልቁ «ዓይኔን ቆረቆረኝ» ቢሉ ምን ማለት ነው?

ዓይን ለምን ይደክማል?

• የቅርብ ነገር ስናይ ሁለቱ ዓይኖች ወደ አፍንጫ ይዞራሉ፤ የዓይን ሌንስም አብሮ ይስተካከላል። በመነጽሩ ውስጥ ግን ምስሉ ቢቀርብም ቢርቅም ሌንሱ የሚያተኩረው በአንድ ርቀት ላይ ነው። ይህ አለመጣጣም ብዥታና ራስ ምታት ያመጣል።
• ስክሪን ስናይ ዓይናችንን የምናርገበግበው ከወትሮው ባነሰ መጠን ስለሆነ ዓይን ይደርቃል። የላስታ ደጋ ደረቅ አየርና አቧራ ያባብሰዋል።
• አንዳንድ መነጽሮች በኢንፍራሬድ ብርሃንና በትናንሽ ካሜራዎች ዓይንን ተከታትለው በእይታ ብቻ ያስመርጣሉ። ለመምረጥ ትክ ብሎ ማየት ያደክማል። ዓይናቸው ሸውራራ ለሆነ ወይም ቆባቸው ለወረደ ሰዎች በትክክል ላይሠራ ስለሚችል በእጅ መቆጣጠሪያ ይጠቀሙ።

ምን ያድርጉ?

• የሌንሶቹን ርቀት ከዓይንዎ ጋር ያስተካክሉ፤ የአዋቂ ሰው የዓይን ብሌኖች ርቀት በአማካይ 63 ሚሊ ሜትር ያህል ነው።
• በ10 ደቂቃ ይጀምሩ፤ ሆን ብለው ዓይንዎን ያርገብግቡ። ካቅለሸለሸዎት ወይም ካዞረዎት ያቁሙ።
• ለልጆች የአምራቹን የዕድሜ ገደብ ያክብሩ። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው አስቀድሞ ሐኪም ያማክር።
• ፊት የሚነካውን ክፍል ይጥረጉ። ዓይኑ የቀላ ወይም ፈሳሽ ያለው ሰው መነጽሩን አይጋራ።

ሐኪም ዘንድ መቼ ይሂዱ?

የመነጽር ድካም ዕረፍት ሲያደርጉ ይለቃል። በማግስቱም የሚቆረቁር፣ የሚያለቅስና ብርሃን የሚፈራ ዓይን ግን ሌላ ምክንያት ሊኖረው ይችላል። የአማራ ክልል ትራኮማ (የዓይን ማዝ) በዓለም ላይ እጅግ ከተስፋፋባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። በሽታው ሲደጋገም የቆብ ፀጉር ወደ ውስጥ ታጥፎ ዓይንን ይፍቃል። በወረንጦ መንቀል ለጊዜው ያስታግሳል፤ ፀጉሩ ግን ተመልሶ ይበቅላል። መፍትሔው ቆቡን በማደንዘዝ የሚደረግ አጭር ቀዶ ሕክምና ነው። ቀዶ ሕክምናው ፍቀቱን ያቆማል እንጂ በዓይን ላይ የቀረውን ጠባሳ አያጠፋም፤ ስለዚህ ሳይዘገዩ ጤና ጣቢያ ይሂዱ።

እይታ በድንገት ከቀነሰ ወይም ከባድ የዓይን ሕመም ካለ በዚያው ቀን ይታዩ።